የብረት አልቦ

ካርዱን ያነበብኩት ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። በነጭ ወረቀት ታትሞ፣ በላስቲክ ተለብዶ፣ ከብረቱ ፊት ቆሟል። «የእግር አልቦ። የጥንት ሴቶች ይዋቡበት የነበረ ጌጥ። ሞክሩት።»

የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ብረቱን አነሳሁት። አውራ ጣት ያህል የሚወፍር ቀለበት ነው። በአንድ በኩል በማጠፊያ ተጋጥሟል፤ በሌላው በኩል የብረት ምላስ አለው፤ ምላሱ የሚገባባት ድፍን ያለች ትንሽ የብረት ቤትም አለችው። ክብደቱ እጄን ወደ ታች ሳበው። በዚህ የተዋበች ሴት ካለች መቃብሯን አሳዩኝ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የተወለድኩት ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የበርታ መንደር ነው፤ ስለዚህ ብረት ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም። ከዚህ ምድር ወርቅና ሰው ይጋዝ በነበረበት ዘመን፣ ሰው እግሩ በእንዲህ ዓይነት ብረት እየታሰረ ወደ ደጋውም ወደ ሱዳንም ይነዳ ነበር። አሳሪዎቹ ከሩቅ የመጡ ብቻ አልነበሩም። የእኛው ሰዎችም ነበሩበት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። የአሳሪና የታሳሪ ልጆች ዛሬ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ በአንድ ገበያ ይሸምታሉ። ነገሩ ትዝ የሚላቸው ጋብቻ ሲጠየቅ ነው። ያኔም ሽማግሌዎቹ «አይሆንም» ብለው ይነሳሉ እንጂ ምክንያቱን አይናገሩም። ጠያቂውም ምክንያቱን አይጠይቅም።

አዲሱ የልጆች ሙዚየም በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ትርዒት «ጉድ በሉ» ብለውታል። ከታሪክ የተለቀሙ እንግዳ ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ልጆች እየዞሩ ይነካሉ፣ ይሞክራሉ፣ ምንነቱን ይገምታሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። መልካም ሐሳብ እኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኃላፊውን አቶ ሐምዳንን ማየት ይበቃል። ሐምዳን የአገሬ ልጅ ነው፤ ያደገው በአካባቢው ስሙ ከሚጠራ የሼህ ቤት ነው። በር ላይ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን የረጂ ድርጅት እንግዶች እየጠበቀ አገኘሁት።

«ሐምዳን፣ ያ ብረት ምንድነው?»

«መምህር ኡመር፣ አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ብረቱ ምንድነው?»

«ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«የተጻፈውማ ውሸት ነው።»

ኮቱን አስተካከለ። «ልጆች ናቸው ኡመር። የዛሬው የደስታ ቀን ነው። እግር ብረት ብዬ ልጻፍልህ? ከዚያ ማን አሰረ፣ ማን ታሰረ ይመጣል። ይህ ክልል ስንት ነገር አይቷል። ቁስሉ ገና አልደረቀም።»

«ቁስል በአልቦ ይታሸጋል?»

«አንተ ሳትጣላ ውለህ አታውቅም።»

«የምጣላበት አሳጥታችሁኝ አታውቁም።»

«እሺ፣ ኮሚቴው ይየው። ሰኞ እናነሳዋለን።»

ኮሚቴ። በዚህ አገር እውነት እንድትሞት ሲፈለግ ማንም አይገድላትም፤ ኮሚቴ ይቋቋምላትና ቃለ ጉባኤ ውስጥ ተኝታ ትቀራለች። ካርዱን ከብረቱ ፊት ላነሳው ስመለስ ልጆቹ ገብተው ነበር። ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ እኔው እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ትርዒቱን የምትመራው ሰብለወንጌል ናት። ከደብረ ማርቆስ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት፤ ድምጿ ትንሽ ነው፣ ልጆቹ ግን ይሰሟታል። በጣት የሚዞረውን የድሮ ስልክ ከፍ አድርጋ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ካዝና» አለ አንዱ።

«ካልኩሌተር ነው። ቁጥር አለው።»

ስልክ መሆኑ ሲነገራቸው ስክሪኑን ፍለጋ ገለበጡት። የከሰል ካውያው ሲወጣ አንዲት ልጅ «ይሄ እኛ ቤት አለ» ብላ አሳቀቻቸው። የወርቅ ማጠቢያው ገበቴ ላይ «ጥንታዊ የወርቅ ማጥለያ» የሚል ካርድ ነበር። ኋላ የቆመ ልጅ አባቱ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ የመሰለ ይዞ ወደ ወንዝ መውረዱን ተናገረ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የልጁን አባት እንጀራ «እንግዳ ዕቃ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ለማን ነው የሚያስጎበኘው? ይህን ለሐምዳን ልነግረው አንገቴን ሳዞር ነው «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

ኑሃ ናት። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብ፣ ማንበብ ለሚከብዳቸው ጓደኞቿ እንደ ሬዲዮ የምታገለግል ልጅ። ሰልፉን ቀድማ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። ካርዱን አንብባላቸዋለች። «ሞክሩት» ይላል፤ ሞከረችው። የተጻፈ ነገር እውነት ነው ብላ ታምናለች፤ እንዲያ እንድታምን ያስተማርናት ደግሞ እኛው ነን። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በወንበር ላይ ዘርግታ ለጓደኞቿ እያሳየች ነበር። ጓደኞቿ አጨበጨቡላት።

ከዚያ ልታወልቀው ሞከረች።

«ቲቸር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አልወጣ አለኝ።»

ብረቱ ቁርጭምጭሚቷን ይዟል። ዕቃው ለአዋቂ እግር የተሠራ ቢሆን በወጣ ነበር፤ ለልጅ እግር የተሠራ ነው። ምላሱ የብረት ቤቷ ውስጥ ገብቶ ነክሷል። ተረከዟን ጨብጬ ብጎትት ቆዳዋ ታጠፈ። ሰብለወንጌል ፈሳሽ ሳሙና አመጣች፤ አፈሰስንበት፤ ብረቱ ዞረ እንጂ አልወረደም። ባሸነው ቁጥር እግሯ አበጠ። ኑሃ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ካርዱን ታያለች።

ሐምዳን እንግዶቹን ወደ ጎን ክፍል ለሻይ አስገብቶ እየሮጠ መጣ። «ድምፅ አታሰሙ። ይወጣል። ትንሽ ሳሙና ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

«ሳሙናው አልቋል» አልኩት።

ሰብለወንጌል ለልጅቷ እናት ደወለች። ከዚያም ጎረቤት ያለውን ብየዳ ቤት ጠራች። ጅረኛ የሚባል የባምባሲ ልጅ የብረት መጋዝ ይዞ መጣ።

«ግራይንደርህስ?» አልኩት።

«መብራት የለም ቲቸር። ጉባ ላይ ግድብ፣ አሶሳ ላይ ሻማ።» ኑሃ ፊት ተንበረከከና እግሯን አየው። ፊቱ ተለወጠ፤ ልጅቷ እንዳታየው ግን ፈገግ አለ። «አንቺ፣ ለጌጥ ወርቅ ሞልቶ ብረት? ማን መከረሽ?»

«ካርዱ» አለች ኑሃ።

ጅረኛ በብረቱና በቆዳዋ መካከል ቀጭን ቆርቆሮ ሊያስገባ ሞከረ፤ ቦታ አልነበረም። እርጥብ ጨርቅ ጎንጉኖ ገፋበት። መጋዙን አንዴ ሳብ አደረገው። ያኔ ሐምዳን እጁን ያዘው።

«አቁም። ይሄ ቅርስ ነው። የተመዘገበ ቅርስ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል። ከበላይ አካል ፈቃድ እስኪመጣ ማንም አይነካውም።»

ያልኩትን ቃል በቃል አልጽፈውም፤ ልጆች ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ማለት የማይገባኝንም ብያለሁ። በአጭሩ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። በሕግ የሚጠበቀው ብረቱ ነው ወይስ እግሩ?

«ሁለቱም» አለ ሐምዳን። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አያነሱም።»

«ቁረጥ» አልኩት ጅረኛን።

ጅረኛ መጋዙን እንደያዘ ወደ ሐምዳንም ወደ እኔም አየ። «ቲቸር፣ አንተ ነገ ክፍል ገብተህ ታስተምራለህ። እኔን ግን ሱቄን ነው የሚያሽጉብኝ። ልጅቷን አይቼ አልሄድም፤ እናንተ ግን ተስማሙ።»

ዝም ብዬ ብቆይ እጄ ሐምዳን ላይ ያርፍ ነበር። እሱን ላለማየት ጎንበስ ብዬ ብረቱን ከሳሙናው በመሐረቤ መጥረግ ጀመርኩ። መሐረቤ ጠቆረ። ዝገት መሰለኝ፤ ዝገት ግን እንዲህ አይጠቁርም። አሸተትኩት፤ የጫማ ቀለም ነው። በደንብ ጠረግኩት። ከማጠፊያው አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ ጉጥ ጥቁሩ ሲለቃት አብረቀረቀች። አዲስ የተቆረጠ ብረት ነው። ሌላው ሁሉ የመቶ ዓመት ዝገት ለብሶ፣ ያቺ ብቻ እንደ ምላጭ ታበራለች።

«ጅረኛ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ተቆርጧል። በግራይንደር ነው። ቅርብ ጊዜ ነው።»

«ከዚህ ላይ ምን ይቀጠላል?»

ጅረኛ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ይቀጠላል? ሰንሰለት ነዋ።»

ተነሳሁ። ሐምዳን አሁንም ስልኩን ይዟል።

«ሰንሰለቱን ስትቆርጠው ቅርስ አልነበረም?» አልኩት። «ከየትኛው የበላይ አካል ነው የተፈቀደልህ?»

«መምህር፣ እንግዶች አሉ።»

«ሰንሰለት ያለው አልቦ ስለማይኖር ቆረጥከው። የተቆረጠበትን በጫማ ቀለም ቀባኸው። ከዚያ በላዩ ላይ ጌጥ ነው ብለህ ጻፍክ። ከዚያ ለልጆች ሞክሩት አልክ።»

«ዝጎ ነበር!» አለ። ድምፁ ከፍ አለና ራሱም ደነገጠ፤ ዝቅ አደረገው። «ዝጎ ስለነበር አይቆለፍም ብዬ ነው። ወላሂ አይቆለፍም ብዬ ነው።»

አይቆለፍም። ሰውየው ቁልፍ መሆኑን ያውቃል። ጎንበስ ብዬ ምላሱን የዋጠችውን የብረት ቤት በስልኬ መብራት አየኋት። ጫፏ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለች።

«ቁልፉ የት አለ?»

«የለውም። ድሮ የጠፋ ነው።»

ሰብለወንጌል የሳሙና ሳህኗን መሬት አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሥራ ላይ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«አለው» አለች።

«ሰብለ» አለ ሐምዳን።

«አለው። ዕቃውን ከአቶ ሐምዳን ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከቤተሰባቸው ሳጥን ነው የወጣው። ሰንሰለቱም ቁልፉም አብረው ነበሩ። ቁልፉንም እናሳይ ስላቸው፣ አልቦ ከነቁልፉ ካየ ልጅ ሁሉ ይጠይቃል አሉኝ። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።» ወደ ኑሃ ዞረች። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ።»

ሐምዳን ቁልፉ አሁንም እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም ማለት ጀመረ። ቤት እንግዳ አለ፣ ሳጥኑ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ መኪናው ነዳጅ የለውም፤ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ያመጣል። የእግሯ ጣቶች ሲጠቁሩ እያየ ነው ይህን ሁሉ የሚደረድረው። ሰው ልጅ በብረት ታስራ እያየ ስለ ነዳጅ እንዴት ያወራል? እንዴት እንደሚያወራ በኋላ ገባኝ። ቁልፉን ማምጣት ማለት ብረቱን በስሙ መጥራት ነው፤ ሳጥኑን ከፍቶ የማን እንደሆነ ማሳየት ነው። ለእሱ ከኑሃ እግር ይልቅ ይህ ከበደው። ገባኝ አልኩ እንጂ ማርኩት አላልኩም።

እናቷ የገባችው ያኔ ነው። ዘሃራ ገበያ ውስጥ ማንጎ ትሸጣለች፤ ከነሽርጧ በባጃጅ መጥታለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው።

«ኑሃ የት አለ?»

ልጆቹ መንገድ ከፈቱላት። ልጇን አየች፤ እግሯን አየች። ምንድነው ብላ አልጠየቀችም። ቁጭ አለችና የልጇን ተረከዝ በሁለት እጇ ደገፈች። በበርታኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ኑሃ ያኔ ማልቀስ ጀመረች።

ዘሃራ ቀና ብላ ሐምዳንን አየችው። «አንተ የሼኩ ቤት ልጅ አይደለም?»

«ነኝ እናቴ። ችግር ተፈጥሮ ነው፣ አሁን…»

«አውቃለሁ አንተን። እኔ አያቴ እናንተ ቤት ውሃ ይቀዳ ነበር።» እንዲህ ነው የተናገረችው። «ወንዙ ሩቅ ነው። ሄዶ እንዳይቀር እግሩ ላይ ብረት አደረጉ። ልጅ ነበር አያቴ። እንደ ኑሃ ነበር።»

ልጆቹ ወደ ሐምዳን ዞሩ። ሐምዳን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ይሄ ብረት ይሁን፣ ሌላ ብረት ይሁን፣ እኔ አላውቅም» አለች ዘሃራ። «ብረት ሁሉ አንድ ነው። አያቴ ግን ነገረኝ፦ ቁልፍ ቤት ውስጥ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ነው፣ እሱ አይጥሉም። ሂድ አምጣ።»

ለእኔ ያልታዘዘው ሰው ለእሷ ታዞ ሄደ። መኪናው ነዳጅ ነበረው።

እስኪመጣ ጅረኛ ኑሃን በወሬ ያዛት፤ ሰብለወንጌል እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበች። ልጆቹ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አልሄዱም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ከበቡን። አንዱ ስልኩን ሌላው ገበቴውን ረስቶታል። እኔን ይጠይቁኛል፤ ብዙ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ዘመኑን፣ መንገዶቹን፣ ገበያዎቹን። ዘሃራ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«አንተ ቆይ።»

ቆየሁ። ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ሐምዳን ሲመለስ ኮቱን አልለበሰም። ቁልፉ ጣት የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ጫፉ እንደ ሹካ ተሰንጥቋል። ለጅረኛ ዘረጋለት።

«እሱ አይደለም» አለች ዘሃራ። «አንተ ክፈት።»

ተንበረከከ። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ለማዞር ሞከረ። አይዞርም። አሁንም አዞረ። በሦስተኛው ሙከራ ብረቱ እግሯን ሲጫነው ኑሃ ጮኸች።

«አይዞርም፤ ይገፋል» አለች ዘሃራ። እንዴት እንዳወቀች ማንም አልጠየቃትም።

ገፋው። ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ታጠፈ፤ ምላሱ ለቀቀ። ብረቱ ሲከፈት የኑሃ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀይ ቀለበት ቀረ። ዘሃራ አሻሸችው።

ሐምዳን ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ መለሰችው። ኃይል አልተጠቀመችም፤ እንዲያው እጇን አሳረፈች።

«ልጆች ቁጭ ብሏል። ንገር።»

«መምህሩ ይንገራቸው። የታሪክ ባለሙያ ነው።»

«መምህር ይሄ ሳጥን የለውም። አንተ ንገር።»

ወደ እኔ አየ፤ ላግዘው ፈልጎ። አላገዝኩትም። ይህን ሰው የማግዝበት ቀን አይምጣ።

«ይሄ…» አለ። «ይሄ አልቦ አይደለም። ሰው ይታሰርበት ነበር።»

«ሌባ ነው የሚታሰረው?» አለ የወርቅ አጣቢው ልጅ።

«አይደለም። ሌባ አይደለም። እንዲሁ ሰው።»

«ልጅም?»

«ልጅም።»

«ማን ነው የሚያስረው?»

ሐምዳን ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አያቴ» አለ። «የአያቴም አባት።»

ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ ይፈራሉ፣ ይጣላሉ ተብሎ ስንት ዓመት ተፈርቶላቸዋል። አንዳቸውም አልተጣሉም። ጠየቁ እንጂ። ምን ይበሉ ነበር? ሲተኙስ ይፈታል? ያመለጠ አለ? አያትህ ሲያስር አንተ የት ነበርክ? ይህን የመጨረሻውን ሲጠይቁት ሐምዳን ገና አልተወለድኩም ብሎ መለሰ፤ «ታዲያ ለምን ዋሸህ?» አለችው ኑሃ አፍንጫዋን እየጠረገች።

የጎን ክፍሉ በር ተከፈተ። ከእንግዶቹ አንዷ ሻይዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ፕሮግራሙ አለቀ እንዴ?» አለች ፈገግ ብላ። «ልጆቹ ከዕቃዎቹ ጋር ሆነው ፎቶ ብናነሳቸው ብለን ነበር።» ልጆቹ ወደ ሐምዳን ዞረው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ፈገግታዋን ይዛ ተመለሰች።

ዘሃራ ልጇን ጫማ አለበሰቻት። አንዱ እግር እምቢ አላት፤ ጫማውን በእጇ ያዘችው። ከዚያ ሐምዳን እጅ ላይ የነበረውን ቁልፍ ወሰደች፤ አልነጠቀችም፣ ወሰደች። በሽርጧ ጫፍ ቋጠረችው።

«እናቴ» አለ ሐምዳን። «ብረቱ ከነቁልፉ ነው መታየት ያለበት። አሁን በትክክል እናስቀምጠዋለን። አዲስ ካርድ እንጽፋለን።»

«ጻፍ። ብረት እዚህ ይሁን፤ ሰው ይየው። ቁልፍ የኔ ቤት ያድራል።»

«ቅርስ ነው እኮ።»

«መቶ ዓመት እናንተ ቤት አደረ። በቃው።»

ልጇን በብብቷ ደግፋ ተነሳች። ሐምዳን እስከ በሩ ቀደመኝ፤ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ ተናገረ። «ኡመር፣ አንተ የታሪክ ሰው ነህ። ቅርስ እየወጣ ነው፤ አስቁማት። እኔ ብናገር አትሰማኝም። ለትውልድ ነው።»

ክንዴን ከእጁ አወጣሁ። የአዳራሹ በር ከባድ ነው፤ ገፍቼ ለእናትና ለልጅ ከፈትኩላቸው፤ ኑሃ እያነከሰች ደረጃውን እስክትወርድ ይዤው ቆምኩ።